«ባዶ» ተብላ የተመዘገበችው ላም

የተጠራነው የላሞቹን ድራት በሆርሞን አቀናጅተን አንድ ላይ ለማዳቀል ነበር። የእርባታው ኃላፊ ዝርዝሩን ይዘው በረቱ በር ላይ ቆመዋል። በመዝገባቸው ሁሉም ላሞች «ባዶ»፣ ማለትም ያላረገዙ ናቸው፤ ስለዚህ የእርግዝና ምርመራው ጊዜ ማባከን መስሎ ታያቸው።

«ይቺማ ባለፈው ሳምንት ሌሎቹ ሲወጡባት ቆማ አይቻታለሁ። ዝም ብለህ ውጋት» አሉኝ።

አባባላቸው መሠረት አለው፤ የምትደራ ላም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናት። ግን አርግዘውም የድራት ምልክት የሚያሳዩ ጥቂቶች አሉ። የምንወጋቸው ሆርሞን፣ ፕሮስታግላንዲን፣ ደግሞ እንቁልጢው ላይ ያለውን፣ እርግዝናን የሚጠብቀውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን የሚያመነጨውን ቢጫ አካል ያፈርሳል። ላሟ ባዶ ከሆነችና ቢጫው አካል ከደረሰ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ትደራለች። ካረገዘች ግን ፅንሱን ደግፎ የያዘው ያው አካል ነውና ትጨነግፋለች።

ረጅሙን ጓንት አጥልቄ በፊንጢጣዋ በኩል መረመርኳት። አንደኛው የማህፀን ቀንድ ከሌላው ወፍሮ ፈሳሽ ይዟል፤ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው የፅንሱ ሽፋን በጣቶቼ መሃል ሲንሸራተት ተሰማኝ። ሁለት ወር ገደማ ይሆናታል።

ኃላፊው መዝገቡን ወደፊትም ወደኋላም አገላበጡ። «እንግዲያው ያ ኮርማ አጥር ዘሏል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። ስለ ኮርማው እኔ ምን አውቃለሁ!

እንድትረዳን የተመደበችው የእርባታው ሠራተኛ ንግግራችንን ስትሰማ ቆይታለች። ጠርሙሱን በባዶ እጇ ከካርቶኑ ልታወጣ ስትል ተወችውና ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ሰው ላይስ?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰው ላይም ይሠራል። በቆዳ በኩል ይሰርፃል፤ እርጉዝ ሴትን ሊያስወርዳት፣ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። የጠርሙሱ ማብራሪያ ላይ ተጽፏል፤ ግን በዚያ ደቃቅ ፊደል በረት ውስጥ ማን ያነበዋል?

ለምን እንደጠየቀች አልጠየቅኳትም። በሰው ፊት መጠየቁ መልሱን ከአፏ መንጠቅ ይሆን ነበር። እስክሪብቶና መዝገቡን ሰጥቻት ከመድኃኒቱ ራቅ ብላ እንድትጽፍ አደረግኩ። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ አስረዳኋቸው፤ እርጉዝ የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ የምትል፣ አስም ያለበት፣ እንዲሁ ያልፈለገም ቢሆን መርፌው አጠገብ አይደርስም፣ ምክንያትም አይጠየቅም። የሚቀዳው ጓንት ያጠልቃል፤ ጠብታ ቆዳው ላይ ካረፈች ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። በመርፌው ራሱን የወጋ ሰው ደግሞ ማብራሪያውን ይዞ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው።

«በባዶ እጃችን ስንሠራ ኖረን ምን ሆንን?» አሉ ኃላፊው።

መልስ ሳልሰጥ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ሲሪንጁን ለጓደኛው አቀበለና ላም ወደ መያዙ ዞረ፤ አስም ነበረበት።