«ይሄ ልብ ወለድ ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ?»

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ካፌ በወር አንዴ የምንሰባሰብ ጥቂት ጸሐፊ ነን ባዮች አለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ተራዬ ደረሰና አጭር ልብ ወለዴን አነበብኩ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ጓደኛችን ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «አንቺ፣ ይሄ ልብ ወለድ ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ግን ልጁ እውነቱን ነው። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «እናትየዋ የልጇን የትምህርት ፍላጎት ከማሟላት አኳያ ከፍተኛ ጥረት ስታደርግ ቆይታለች።» ስለ ልጇ «ከማሟላት አኳያ» ብላ የምታስብ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ቀን ቀን ሥራዬ ሪፖርት ነው። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። ሲዳማ ገጠር የተሠሩ የውሃ ቦኖዎች ይሠራሉ አይሠሩም፣ ማን ይቀዳባቸዋል፣ ወረፋው ምን ያህል ይፈጃል የሚለውን በየሩብ ዓመቱ በኤክሴል አጠናቅሬ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ያኔ በአማርኛ ታሪክ እሞክር ነበር። ችግሩ፣ አንዱ የሌላውን ቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ከካፌው ጉድ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሪፖርቴ ውስጥ ጄሪካኖቹ ቦኖው ሥር «ጠበል እንደሚጠብቁ ምዕመናን» ተሰልፈው አደሩ ብዬ ጽፌ ነበር። አለቃዬ በቀይ አክብቦ ጎኑ ላይ «ምንጭ?» ብሎ ጻፈበት። ያን ቀን ቆሽቴ አረረ። አሁን ሳስበው ሰውየው ልክ ነበር፤ ስንት ጄሪካን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተሰለፈ አልቆጠርኩም። ያቺ ምሳሌ የገባችው ያልቆጠርኩትን ልትሸፍንልኝ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ያጽናናሁት «እኔ የግራ አንጎል ሰው ነኝ» በሚለው ነው። ግራው ለሒሳብ፣ ቀኙ ለጥበብ የሚባለውን ማን ያልሰማ አለ? ወሬው ከየት እንደመጣ ሳነብ ሥሩ የሮጀር ስፔሪ ምርምር ሆኖ አገኘሁት። ስፔሪ ያጠናው ግራና ቀኝ አንጎላቸውን የሚያገናኘው ክፍል ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል የተቆረጠባቸውን ሰዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸልሞበታል። «የግራ ሰው፣ የቀኝ ሰው» የሚለው ግን ሌሎች በኋላ የነሰነሱበት ቅመም ነው። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል አይተው፣ አንዱ ወገን በጠቅላላው የሚያይልበት ዓይነት ሰው አላገኙም። ማመካኛዬ በዚሁ አበቃ። ይልቅ የጠቀመኝ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄ. ፒ. ጊልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የለያቸው ሁለት የማሰብ መንገዶች ናቸው። አንዱ ከአንድ ጥያቄ ብዙ መልስ ያፈልቃል፤ ሌላው ከብዙ መካከል ወደ አንዱ ትክክለኛ መልስ ይሰበስባል። ሁለቱም እያንዳንዳችን ዘንድ አሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው የሚጣሉት።

ይህን ከማንም በላይ ያስረዱኝ ግን ጎረቤታችን ናቸው። ከጎጃም የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ኖረዋል። አንድ እሑድ ከገብርኤል ሲመለሱ ቡና ጠጡ ብለናቸው ገቡና ስለ ጽሑፌ አጫወትኳቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አንድ አንቀጽ አይወጣኝም አልኳቸው።

«ቆጠራና ነገራን አደባልቀሽው ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ከጓደኞቹ ይነጠላል፤ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናም ይሁን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ፣ ቃሉን ከቃል እያጋባ፣ ሰሙን ከወርቁ እያላበሰ በሆዱ ያመላልሳል። ቆጠራ ማለት ይህ ነው። ነገራው፣ ማለትም ቅኔውን ማሰማቱ፣ በሌላ ሰዓት፣ በመምህሩ ፊት ነው። እዚያ ቤቱ ካልመታ፣ ምስጢሩ ካልተገናኘ፣ ግሡ ከተሳሳተ ምሕረት የለም። «ቆጠራ ላይ ሆነሽ የኔታ ምን ይሉኝ ብለሽ ካሰብሽማ» አሉ፣ ሲኒውን እያስቀመጡ፣ «ቤትም አይመታልሽ፣ ምስጢርም አይመጣልሽ። እኔን ስንት ቀን ጦሜን አሳድሮኛል!»

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን በሰዓት የለየሁት። መጀመሪያ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ቀኑን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ የዋለ ዓይን ማታም ስህተት ብቻ ነው የሚያየው። አሁን ታሪኩን የምጽፈው ንጋት ላይ ነው፤ 11፡30 እነሣለሁ፣ ስልኬን አልከፍትም፣ ላፕቶፕም አልነካም። ርካሽ ደብተርና እስክርቢቶ ብቻ። ደብተሩ ላይ መሰረዝ ክልክል ነው። የማይረባ ነገር ስጽፍ እያወቅሁ አልፈዋለሁ። (ለጀማሪ ከባዱ ይሄ ነው። ለእኔም አሁን ድረስ እጄን ይበላኛል።)

ከመጻፌ በፊት እሄዳለሁ። ከቤቴ ተነሥቼ ሐይቁ ዳር እስካለው ፍቅር ሐይቅ፣ ቀን ካለኝ እስከ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ የቆሮሶ ዓሣው ሲመለመል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየሁ። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ሰው እየተራመደ ሳለና ከተራመደ በኋላ አዳዲስ ሐሳብ በማፍለቅ ፈተና ከተቀማጩ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለው ፈተና ላይ ግን ተራማጆቹ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ብለዋል። ይህን ከማንበቤ በፊት በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የሩብ ዓመቱን ሠንጠረዥ በሆዴ ይዤ ሐይቁ ዳር ብሄድ፣ ስመለስ የትኛው መቶኛ ለየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ጠፍቶኝ ቁጭ። ሠንጠረዥ ወንበርና ዝግ በር ይፈልጋል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ቋንቋው ነው። ለሳምንት እንግሊዝኛ ሪፖርት ስጽፍ ሰንብቼ አማርኛ ስጀምር የሚወጣው «ተከናውኗል»፣ «ተደርጓል»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» ነው። አድራጊው የጠፋበት አማርኛ። መላ ያገኘሁለት በአጋጣሚ ነው። አንድ ጠዋት ምንም አልመጣ ሲለኝ፣ ወንዶ ገነት ላለችው አያቴ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ የማልልከው ደብዳቤ። ለአያቴ «የጤና ሁኔታሽን ከመከታተል አኳያ» ብዬ ልጽፍላት አልችልም፤ «እማማ፣ እግርሽ እንዴት ሆነ?» ነው የምላት። ግማሽ ገጽ እንደዚያ ከጻፍኩ በኋላ አማርኛው ይፈታል፣ ታሪኩ ከዚያው ይቀጥላል። አሁንም ከሪፖርት ሳምንት በኋላ ሁሌ በእሷ ነው የምጀምረው።

ማረሙ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ያኔ ሪፖርት ጸሐፊዋ ትጠራለች፤ መጠራቷም ደግ ነው። አንዱ ታሪኬ ውስጥ ፀሐይ ከሐይቁ ስትወጣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው! እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ንጋት ላይ ሆኜ ስጽፈው ምንም አልታየኝም፤ ቅዳሜዋ ሴትዮ ግን በአንድ ዓይን ያዘችው። ወደ ማታ ባዞረው ልቅሶው አይመጣም፤ ስለዚህ ልጅቷን አዙሬ ፊቷን ከሐይቁ መልሼ ወደ ታቦር ተራራ አደረግሁት።

ይህን ያህል አጥር ካጠርኩ በኋላ፣ ባለፈው ሩብ ዓመት አጥሩን አንዲት ሴት ዘለለችው። በአንድ ቀበሌ የሚሠራ ቦኖ ደጇ ላይ እያላት ራቅ ካለ ምንጭ የምትቀዳ ናት። ሠንጠረዡ ውስጥ «አትጠቀምም» የሚል ምልክት ብቻ ነበረች። ለምን ስላት፣ ሲዳምኛ በሚያስተረጉምልኝ ባልደረባዬ በኩል «የቦኖው ውሃ ለእንቅልፋሞች ነው» ብላኝ ነበር። ለሪፖርት የማይሆን ነገር ነውና ተውኩት፤ ንጋት ላይ ግን ደብተሬ ላይ መጣች። ልጽፋት ስጀምር ከቤቷ ማስወጣት አቃተኝ። በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? ጨለማ ነው ወይስ ነግቷል? ሪፖርት ውስጥ ሰው ያለ ሰዓት ይኖራል፤ ታሪክ ውስጥ ግን ሰዓት ሳትሰጪው እግሩን አያነሣልሽም።

በሚቀጥለው ጉዞ ሄጄ ጠየቅኋት። ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው፤ ገበያ ቀድማ ካልደረሰች ቆጮዋን የሚገዛት የለም። የቦኖው ጠባቂ የሚከፍተው ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቦኖው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት መጠይቃችን ውስጥ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። አስገባነው፤ ከማይጠቀሙት ሌሎች ሴቶችም ተመሳሳይ መልስ መጣ። በሪፖርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌ፣ ያለ ጡረተኛ ዳኛና ያለ ምዕመናን፣ ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩት። አለቃዬ በዚህኛው «ምንጭ?» አላለም፤ «ይህ በየትኛው ኢንዲኬተር ሥር ይገባል?» አለ እንጂ። እየተነጋገርንበት ነው።

ሴትየዋ ደብተሬ ላይ እስካሁን ምንጩ ጋ አልደረሰችም። ከቤት ወጥታለች፤ ጨለማ ነው፤ ጄሪካኑ ባዶ ስለሆነ በየእርምጃዋ ቋ ይላል።