ያገለገለ ስፒከር ለመጅሊስ ቤት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

ደህና ስም ያለው አዲስ ስፒከር ዋጋው አይቀመስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ጭራሽ መጠየቅም ትቻለሁ። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። ለዚህ ደግሞ ወሎ ጥሩ አገር ነው። ከአረብ አገርም ከአሜሪካም ዕቃውን ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ካመጣው ዕቃ መካከል ብዙ ጊዜ ስፒከር አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት ስፒከሩ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሆም ቲያትር (የቤት ውስጥ ሲኒማ) ስትሠሩ አብዛኛውን ብር ስፒከሩ ላይ አውሉት ባይ ነኝ። አምፑ፣ ማለትም ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚልከው ዕቃ፣ በየጊዜው ይለወጣል። ዛሬ 4ኬ ምስል አሳለፈ ስትሉ ነገ ሌላ ይመጣል። ስፒከር ግን ያው ስፒከር ነው። ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ ጥሩ ስፒከር፣ በወግ ከተያዘ፣ ዛሬም ጥሩ ነው።

ዋናው ነገር «በወግ ከተያዘ» የምትለዋ ናት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ጥንድ ስፒከሮች አየሁ። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ። ሻጩም ዋጋውን ሲጠራ አልሳቀም። የፊቱን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ የዉፈሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የትልቁን ሳህን፣ ዙሪያ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረ። ያ ዙሪያ ከስፖንጅ የተሠራ ነው። ስፖንጅ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይበሰብሳል፤ ስፒከሩ ባይከፈትም፣ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም። መቀየር ይቻላል፣ ግን ልኩን የጠበቀ መለዋወጫ እዚህ ማግኘት አበሳ ነው። ዙሪያው ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል። ስለዚህ ያገለገለ ስፒከር ስታዩ መጀመሪያ ጨርቁን አስነሱ። አይነሳም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።

የኔዎቹን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። ቢ ኤንድ ደብልዩ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሥራ ናቸው። ድርጅቱ በ1966 እ.ኤ.አ. ዎርዚንግ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። የቆዩት ስፒከሮቹ የሚታወቁት በቢጫው ሳህናቸው ነው። ቢጫው ቀለም አይደለም፣ ኬቭላር ነው፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ክር። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሽመናው እንደ ጨርቅ ይታያል። ቢጫ የተቀባ ወረቀት ከሆነ ፎርጂድ ነው። ከኋላ ያለውን ቁጥርም አይቻለሁ። የሁለቱ የተያያዘ ወይም የተቀራረበ ከሆነ አብረው የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። አንዱ በሌላ መተካቱን የምታውቁት እዚያ ላይ ነው።

ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከዱባይ ያስመጣው ነው።

«ሀጂ፣ ጨርቁን ላንሳው?»

«አብሽር ልጄ፣ ፈታተህም እየው። እኔ እንደሁ ዜናም በሞባይል ነው የምሰማ።»

ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሳፍርም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ምን ያህል ቤት እንደተዘረፈ እናውቃለን። የሰው ንብረት ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ የሚፈልግ የለም። ሀጂ ልጃቸውን በስልክ አገናኙኝ፣ የጉምሩኩንም ወረቀት አወጡልኝ።

ከዚያ መፈተሽ ጀመርኩ። ይዤ የሄድኩት ቴስተር፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ የራሴን ትንሽ አምፕና ገመድ ነው። የሻጭ አምፕ ላይ ስፒከር አይሰማም፤ ችግሩ የማን እንደሆነ አይለይም።

መጀመሪያ ሳህኑን በአራት ጣቴ፣ ከአራት በኩል እኩል አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጸጥ ብሎ ገብቶ ጸጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። የሚፈግፍ ድምፅ ካለው ከሳህኑ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን፣ ግን በጣት አትንኩ፤ አንዴ ከጎደጎደ አለቀለት። ቀጥሎ ቴስተሩን ስፒከሩ ጀርባ ላይ ሰካሁ። 8 ኦም የሚባል ስፒከር በቴስተር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ያነባል። ምንም ካላነበበ ውስጡ የተቆረጠ አለ። ትዊተሩ ግን በቴስተር አይታወቅም፤ ፊቱ ካፓሲተር ስላለ ያግደዋል። እሱ በጆሮ ነው።

የባትሪ ድንጋዩን ነገር ሀጂ ወደዱት። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ጋር ለቅጽበት ነካ ታደርጋላችሁ። ሳህኑ ወደ ፊት ዘለል ካለ ልክ ነው። ወደ ኋላ ከሸሸ ግን አንድ ሰው ከፍቶት ሽቦውን አገላብጦ ገጥሞታል። ሁለቱም ወደ ፊት ዘለሉ። «ይኸ ድንጋይ ዶክተር ነው» አሉ።

ለማዳመጥ የመረጥኩት መንዙማ ነው፤ በድቤና በጭብጨባ። ድቤው ዉፈሩን ይፈትናል፣ ጭብጨባው ትዊተሩን። ቀጥሎ አምባሰል በማሲንቆ። የማሲንቆ ክር ሲፋቅ ልክ የሰው ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የፊልም ንግግር እንዴት እንደሚሰማ ያሳብቃል። መጀመሪያ ዝቅ አድርጌ ነው የከፈትኩት። ጩኸት ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከዚያ ቀኙን ብቻ፣ ከዚያ ግራውን ብቻ። በመጨረሻ ሁለቱንም ከፍቼ መሀል ስቀመጥ የአዝማሪዋ ድምፅ ሁለቱ ስፒከር መካከል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ልቤ ወሰነ፤ ፊቴ ግን እንዳያሳብቅብኝ ተጠነቀቅኩ።

ዋጋ ላይ ብዙ አልተከራከርንም። አንዱ ጨርቅ ጠፍቷል፣ የስፒከሩ አየር ቀዳዳ መድፈኛ ስፖንጆችም የሉም። በዚያ አስቀነስኩ። ደላላው ስፒከሩን ሳልሰማ ቀብድ አስይዝ ሲለኝ የከረመ ስለሆነ ትንሽ አኮረፈ።

ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ግን መሀል የሃረጎ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ እንጫነው ሲለኝ እምቢ አልኩ። የሁለት ሰው ሂሳብ ጨምሬ ውስጥ አስገባኋቸው፤ በጀርባቸው አስተኝቼ፣ ሳህኑ ወደ ላይ፣ መሀላቸው ጋቢ። በፊቱ የተደፋ ስፒከር ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስፈልግም።

ቤት ሲገቡ ነው ትልቁ ትምህርት የመጣው። የኛ ሳሎን መጅሊስ ነው፤ መሬት ላይ በተዘረጋ ስፖንጅ ላይ ነው የምንቀመጠው። ስፒከር ሠሪዎች የሚያስቡት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ትዊተሩን ከመሬት 90 ሴንቲ ገደማና ከዚያ በላይ ያደርጉታል። መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ግን ከዚያ በደንብ ዝቅ ይላል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንደ ቤዝ አይበተንም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። በአናታችን ላይ እያለፈ ንግግሩ ደበዘዘ። መፍትሔው ከጎሚስታ ያመጣሁት የጎማ ቁራጭ ሆነ። የኋላ እግሮቹ ሥር አስገብቼ ስፒከሮቹን በትንሹ ወደ እኛ አጎነበስኳቸው። ከግድግዳው ጋርም በገመድ አሰርኳቸው፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው። ወዲያው ንግግሩ ጠራ። ገና የምትገዙ ከሆነና ቤታችሁ መጅሊስ ከሆነ፣ ረጅሙን ትታችሁ ትንንሾቹን በአጭር ማስቀመጫ ላይ ብታደርጉ ይሻላችኋል።

በሌላ በኩል መጅሊስ በረከት አለው። ሦስት ግድግዳ ሙሉ ስፖንጅና ትራስ፣ መሬቱ ምንጣፍ፤ ብሎኬት ቤት የሚያመጣውን ማስተጋባት ዋጥ ያደርገዋል። የቀረው ስፒከሮቹን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ፣ ከመቀመጫዬ በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ማድረግ ነበር። የኋላዎቹ ትንንሽ ስፒከሮች ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ብራንዳቸው ሌላ ነው፣ ችግር የለውም። የመሀሉ፣ ሴንተር የሚባለው፣ ግን ከፊቶቹ ጋር አንድ ዘር መሆን አለበት፤ አለዚያ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ይቀየራል። እስካገኝ ድረስ አምፑ ላይ «ሴንተር የለም» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ንግግሩን ሁለቱ ይካፈሉታል። (ክረምት ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን የትኛውም ስፒከር አይረዳም፤ ፊልሙን አቁሞ ቡና መጠጣት ነው።)

ሰዎች ሁለት ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንደኛው ዋት ነው። ከዋቱ በፊት ዴሲቤሉን እዩ፤ ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው እሱ ነው። 87 የተጻፈበት ስፒከር 90 ከተጻፈበት ጋር እኩል እንዲጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ትዊተር የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕ አይደለም፤ አቅሙን ጨርሶ የሚያንቋርር ትንሽ አምፕ ነው። ሁለተኛው «የአሜሪካ ስፒከር 110 ቮልት ነው፣ አይቃጠልም ወይ?» የሚል ነው። ሶኬት ላይ የማይሰካ ስፒከር 110 የለው 220፤ ከአምፑ ነው የሚበላው። አምፕና የራሱ አምፕ ያለው ሰብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) ግን ይለያል። ከሳውዲ የመጣ የቆየ ዕቃም 110 ወይም 127 ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ማንበብ ነው።

ሰብዉፈር ገና አልገዛሁም። እስካሁን ያገኘሁት አንድ የአሜሪካ ነበር፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ 60ውን ግን 50 አያደርገውም፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርም ይበልጥ ይግላል። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ያንን ከስቴብላይዘር ጋር ደራርቤ ማስተዳደር አልፈለግኩም። 220 የሆነ፣ ዙሪያው ጎማ የሆነ ሲመጣ አየዋለሁ።