ከስላይድ ወደ ሥራ፦ ትናንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችን ያሰለጠንኩበት መንገድ

ትናንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ የኮሙኒኬሽን ክፍል የሚባል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም። የፌስቡክ ገጹን የምትይዘው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ፎቶ የሚያነሳው መስክ የወጣው ሰው ነው። ሪፖርቱን ሥራ አስኪያጁ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። ሥራቸው ግን ትልቅ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ ለማያያቸው ሰዎች የሚደርሱት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚሠራውን ሥራ ማንም ሳያውቅለት በሩን ሲዘጋ ማየት ያንገበግበኛል። ስልጠናውን የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ "ገጻችን ተከታይ እንዲያገኝ አሰልጥኑን" የሚል ነው። ሌላው "ለጋሾች ፈጠራ፣ ፈጠራ ይላሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አስረዱን" የሚል። ሁለቱን ለየብቻ ማሰልጠን ይቻል ነበር። ሆን ብዬ አንድ ላይ አደረግኳቸው። ሰው ልብ የሚለው መልእክት ለመጻፍም ሆነ የሚሠራ አዲስ ዘዴ ለማግኘት መነሻው ያው ነው፦ የምናገለግለውን ሰው ሄዶ መስማት። ይህን የለመደ ድርጅት ሁለቱንም ይችላል።

ዝግጅቱ ከስልጠናው ቀን ቀደም ብሎ ተጀመረ። ከእያንዳንዱ ድርጅት የመጨረሻውን ሪፖርትና የቅርብ ጊዜ ፖስቶቹን ጠየቅኩ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጆቹ ስልክ እየደወልኩ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ "በሚቀጥሉት ወራት ማን፣ ምን እንዲያደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ?" ብዙዎቹ "ኅብረተሰቡ እንዲያውቀን" ብለው መለሱ። እሺ፣ ካወቃችሁ በኋላስ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ጸጥ ይላሉ። ትንሽ ስንነጋገር ግን መልሱ እየጠራ ይመጣል። አንዱ "ጡረታ የወጡ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ልጆቹን እንዲያስጠኑልን" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ሲጠራ የሚነገረውም፣ የሚነገርበትም ቦታ አብሮ ይታወቃል። ጡረታ የወጣን መምህር ፍለጋ ቲክቶክ ላይ መድከም አያስፈልግም። የቀድሞ ባልደረቦቹ የሚገናኙበትን የቴሌግራም ግሩፕ ማግኘት ይበቃል።

አጥብቄ የያዝኩት አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ከየድርጅቱ ሁለት ሰው ይምጣ፤ አንዱ ሥራውን በእጁ የሚሠራ፣ አንዱ የመወሰን ሥልጣን ያለው። ሠራተኛዋን ብቻ ብታሰለጥን ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ ከዚያ "ይሄን ማን ፈቀደልሽ?" ትባላለች። አለቃውን ብቻ ብታሰለጥን ደግሞ ሐሳቡ ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሌላ ጊዜ ስብሰባ የሚፈልገው ውሳኔ እዚያው ያልቃል። ሰው መላክ የሚችሉት አንድ ብቻ ከሆነ ሌላ ዙር እንዲጠብቁ እነግራቸዋለሁ። ጨካኝ ውሳኔ ይመስላል፤ ዛሬም አልለውጠውም።

በስልጠናው መጀመሪያ ስላይድ አልከፈትኩም። የራሳቸውን ሪፖርት አውጥተው አንድ አንቀጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው። አንዲት ሰልጣኝ ያነበበችው እንዲህ ይላል፦ "ድርጅታችን የተቀናጀ የቅድመ ልጅነት ክብካቤ ጣልቃ ገብነት በማካሄድ የተጋላጭ ሴቶችን ኢኮኖሚያዊ አቅም በዘላቂነት ገንብቷል።" ወረቀቱን አስቀምጣ ለጎረቤቷ እንደምትነግር አድርጋ እንድትነግረን ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና "እናቶቹ ልጃቸውን የሚያውሉበት ስለሌላቸው ሥራ መግባት አይችሉም ነበር። እኛ ጠዋት እንቀበላቸዋለን፣ ማታ መጥተው ይወስዷቸዋል። አሁን ሥራ ውለው ይገባሉ" አለች። ያለችውን ቃል በቃል ፍሊፕቻርት ላይ ጻፍኩት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የድርጅቱን ሥራ በዚያች ቅጽበት ገባው። አለቃዋ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሳው። በኋላ የገጻቸው መግቢያ ጽሑፍ ያደረጉት እሱኑ ነው።

ያ ልምምድ የግማሽ ቀን ንግግር ተካልኝ። ድርጅቶቹ መናገር አያቅታቸውም። ለለጋሽ ሲጽፉ የለመዱት ቋንቋ ነው አፋቸውን የሚያስረው።

ቁጥር መደርደር ላይ ግን ክርክር ተነሳ። "ስንት ሰው እንደረዳን ካልጻፍን ማን ያምነናል?" አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተመራማሪዎቹ የዲቦራ ስሞል፣ የጆርጅ ሎወንስታይንና የፖል ስሎቪክ ጥናት የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ነው። ለተሳታፊዎች 5 ዶላር ተከፈላቸውና ከሱ ላይ በረሃብ ለተቸገሩ ሰዎች መለገስ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ስለ ረሃቡ አኃዝ ብቻ ያነበቡት በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጡ። ስለ አንዲት ልጅ ያነበቡት 2.38 ሰጡ። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። የልጅቷ ታሪክ ከአኃዙ ጋር አንድ ላይ ሲቀርብላቸው ልግስናቸው ወደ 1.43 ወረደ። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ አይጥፋ፣ ግን ቦታው ሪፖርቱ ላይ ይሁን። አንድን ሰው ልቡን ለማግኘት ስንጽፍ ስለ አንድ ሰው እንጻፍ።

ይህ ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር ይጎትታል። ያ አንድ ሰው ታሪኩ ሲነገር ክብሩ ሊጠበቅ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፤ ይገባዋልም። እርዳታ የሚቀበል ሰው እርዳታውን ለሚሰጠው ሰው "ፎቶዬን አታንሳ" ማለት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ የፈረመበት ወረቀት ብቻውን ፈቃድ አይደለም። እንዲህ እንዲያደርጉ አለማመድኳቸው፦ ፈቃድ የሚጠይቀው አገልግሎቱን ከሚሰጠው ሰው የተለየ ይሁን። ፎቶው የት እንደሚወጣ ስልክ ከፍቶ ገጹን ያሳይ። እምቢ ቢሉ የሚቀርባቸው ነገር እንደሌለ ይንገራቸው። ከወጣ በኋላም "አውርዱልኝ" ማለት እንደሚችሉ፣ ለማን እንደሚደውሉም ይንገራቸው። ከሰልጣኞቹ አንዷ በዚያው ምሽት ከድርጅቷ ገጽ ላይ የሕፃናት ፎቶዎችን ማውረድ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም።

ወደ ፈጠራው ስንመጣ የነገርኳቸው የፕሌይፓምፕን ታሪክ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ የውኃ ፓምፕ ነው። ልጆች እንደ መጫወቻ ተቀምጠውበት ሲያሽከረክሩት ውኃ ይስባል። ሐሳቡ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ባንክን ሽልማት አገኘ። በ2006 ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥትና ከለጋሾች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት፤ እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፕ ለመትከል ታቀደ። መሬት ላይ ግን ልጆች በማይጫወቱበት ሰዓት ፓምፑን የሚያዞሩት ሴቶች ሆኑ፤ ከበዳቸው። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ሒሳቡን ሲሠራው፣ የታሰበውን ያህል ሰው ለማጠጣት ልጆች በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ቀኑ ያለው 24 ሰዓት ነው። ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ቀድሞ የጠየቀ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ባዳነ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰልጣኞቹን ወደ መጡበት ላክኳቸው። ሥራቸው አንድ ነበር፦ ከምታገለግሏቸው ሰዎች ጥቂቶቹን አነጋግሩ፤ ሐሳባችሁን አትንገሯቸው፤ "ባለፈው ጊዜ እንዴት አደረጋችሁ?" እያላችሁ ብቻ ጠይቁ። "ብናደርግላችሁ ትወዳላችሁ?" ብሎ መጠየቅ አይረባም። ሰው ለይሉኝታ ሲል አዎ ይላል።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳ አንድ ድርጅት ነበር። ታካሚዎቹ መድኃኒት ከሚወስዱበት ቀጠሮ ይቀራሉ። ሰልጣኞቹ ቀኑን ረስተውት ነው ብለው፣ የሞባይል አፕ ለማሠራት አስበው ነው የመጡት፤ ፕሮፖዛል ሁሉ ጀምረዋል። ጠይቀው ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። ታካሚዎቹ ቀኑን አይረሱትም። ብዙዎቹ ስልክ የሚጠቀሙት ከቤተሰብ ጋር በጋራ ነው፤ ስለ ሕመማቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ስልኩ ላይ እንዲታይ አይፈልጉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ባለፈው ቀርተው ስለነበር ባለሙያው እንዳይቆጣቸው ይፈራሉ። አፑ ከዚህ አንዱንም አይፈታም።

ስለዚህ አንድ ስልክና አንድ ደብተር ይዘው ሞከሩት። ራሷ ታካሚ የሆነች በጎ ፈቃደኛ ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ትደውላለች። ስለ ሕመም አታነሳም። "ነገ እንገናኝ፣ ቢቀሩም አይጨነቁ፣ አብረን እንገባለን" ትላለች። ቀርተው የነበሩ ሰዎች መመለስ ጀመሩ። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ፈጠራው የትኛው ነው፣ ኮሙኒኬሽኑስ የትኛው? ያ የስልክ ጥሪ ሁለቱንም ሆኗል።

ሙከራ ማለት በትንሹ፣ በርካሽ፣ ሊበላሽ በሚችል መልክ ማየት ማለት ነው። ይህን ለመልእክትም እንዲጠቀሙበት አደረግኩ። ብሮሸር ከመታተሙ በፊት በወረቀት ጽፎ ለአምስት ሰው ማስነበብና "ምን አድርጉ ያላችሁ ይመስላችኋል?" ብሎ መጠየቅ። አምስት ያልኩት የድረ ገጽ አጠቃቀምን በሚያጠናው በያኮብ ኒልሰን ሥራ ተመርኩዤ ነው። ድረ ገጾችን በአምስት ተጠቃሚ ብቻ ሞክሮ 85 በመቶ ያህሉን ችግር ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ጽሑፍ ድረ ገጽ አይደለም፤ ቢሆንም ትልቁ ስህተት በአምስት ሰው ፊት ይጋለጣል።

መሣሪያዎቹን መጨረሻ ላይ አመጣኋቸው። ካንቫ የተባለው የዲዛይን መሥሪያ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚከፈልበትን አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። ጉግልም ተቀባይነት ላገኙ ድርጅቶች በወር እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ የፍለጋ ማስታወቂያ በነፃ ይሰጣል፤ በሁሉም አገር ግን አይደለም። ጠቃሚ ነው። መጀመሪያ ላይ ካሳየኸው ግን ሰው ሁሉ ቀለምና ፎንት ሲመርጥ ይውላል።

ከስልጠናው በኋላ ያደረግኩት ክትትል ከስልጠናው እኩል ጠቅሞኛል። ድርጅቶቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፤ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ያነባል። እኔም በየወሩ እደውላለሁ። ስለ ላይክና ተከታይ አልጠይቅም። ከስልጠናው በፊት በስልክ "እንዲህ ያድርግልን" ስላሉኝ ሰው ነው የምጠይቀው፦ መምህራኑ መጡ ወይ? ካልመጡ ማንን ጠየቃችሁ፣ ምንስ አሏችሁ?

አሁን አዲስ ዙር ሳዘጋጅ ሁለት ነገር ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያው የቦርድ አባላት ለአንድ ከሰዓት እንዲገኙ ነው። ገንዘብ የሚፈቅዱት እነሱ ስለሆኑ የሙከራን ጥቅም በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሁለተኛው ሰልጣኞቹ ቀጣዩን ፕሮፖዛላቸውን ይዘው እንዲመጡና በጀቱ ላይ ለኮሙኒኬሽንና ለሙከራ የሚሆን አንድ መስመር እዚያው እንዲጨምሩ ነው። ያ መስመር ከሌለ የፌስቡክ ገጹ ተመልሶ የሒሳብ ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል።