ደብተሩ ከጤፍ ጆንያ ሥር ተገኘ

ልጄ አምስት ዓመት ሳይሞላት የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ትወጣው ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር አስቆጥራታለሁ፤ ደንበኛው «ጎበዝ!» ይላል፤ እኔ ደረቴን እነፋለሁ። አንድ ቀን ከመኮሮኒ ካርቶን ላይ «መ»ን ጠቁሜ «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ከ«ሀ» ጀምራ በለሆሳስ መቁጠር ጀመረች፤ «ለ»ን አለፈች፣ «ሐ»ን አለፈች፣ «መ» ላይ ደረሰችና ሳትቆም አለፈች። 231 ፊደል በቃሏ ይዛለች፤ አንዷን እንኳ በመልክ አታውቃትም።

ደነገጥኩ፤ በድንጋጤም የባሰውን አደረግሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ በየቀኑ አንድ ገጽ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ እኔ ሌላ አንድ ገጽ ጨመርኩበት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ባንኮኒው ጥግ አስቀምጬ እርሳስ አስጨብጣታለሁ፤ ታለቅሳለች፤ እቆጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ ጠፋ። ቤቱን ሁሉ ፈልገን አጣነው። ለአንዲት ደንበኛ ጤፍ ልመዝን ጆንያውን ሳነሣ ከሥሩ ተጣጥፎ ተገኘ። ያን ቀንም ተቆጣኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መንገዱን ያሳዩኝ ጧፍ ሊገዙ የመጡ የኔታ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁ። «አቡጊዳ ለምን የተሠራ ይመስልሻል፣ ልጄ?» አሉኝ። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው «ሀ ሁ»ን በተርታ ከቆጠረ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ ተራው ይዘበራረቅበታል፤ ምላሱ በልማድ እንዳይሮጥ፣ ዓይኑ እንዲሠራ። እኔም በልጅነቴ አቡጊዳን ዘምሬ አልፌያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ገበታውን ከግድግዳ አወረድኩት። የመኮሮኒውን ካርቶን መዳፍ በሚያህል መጠን ቆራርጬ ሦስት ፊደል ብቻ ጻፍኩ፦ ባ፣ ጣ፣ ና። ባጃጅ በደጃችን ሲመላለስ ይውላል፤ ጣና ደግሞ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ፊደሉን ከማሳየቴ በፊት ግን በጆሮ ጀመርን። ጣ–ና፣ ሁለት ጭብጨባ። ከዚያ ሁለት የካርቶን ቁራጭ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ያነበበችው ቃል «ጣና» ሆነ።

ዘንባባ ላይ ተቸገርን። የከተማችን ጎዳና ዳር ዘንባባ ነውና መምጣቱ አልቀረም። ዘን–ባ–ባ፣ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች፤ ፊደሉ ግን አራት ነው። «ይቺኛዋ ምን ትሠራለች?» አለች፣ «ን»ን እየነካካች። እንደ «ን» ያለ ሳድስ፣ ማለትም ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ፣ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት ባለው ፊደል ላይ እንደሚደገፍ ለዚህች ልጅ እንዴት ይነገራል? «ዘ አዝላታለች» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሥራችን የታዘሉ ፊደላት ፍለጋ ሆነ፤ የባጃጇን «ጅ» ያገኘቻት ራሷ ናት። «ልጅ» ላይ ስንደርስ ደግሞ ሳድሷ ራሷ ሌላ ሳድስ አዝላ ተገኘች። እሷ ሳቀች፤ እኔ ደንብ ለማውጣት የጀመርኩትን ተውኩ።

«ታንኳ»ን «ጣንኳ» ትለው ነበር። ደጋግሜ ማረሜ ምንም አልጠቀመም። መዳፏን ከአፏ ፊት እንድትይዝ ሳደርጋት ግን «ታ» ስትል ትንፋሹ እጇን ነካት፤ «ጣ» ስትል አልነካትም። ግማሽ ቀን መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ዋለች።

«ባ»ን ከለየች በኋላ ቤተሰቦቿን ጠራናቸው። «ቡ» ወገቧ ላይ ዱላ ይዛለች፤ «ቢ» ዱላዋን እግሯ ሥር ጥላለች፤ «ቤ» እግሯ ላይ ቀለበት አድርጋለች። ይህን ካየች በኋላ «ሱ፣ ሲ፣ ሴ»ን ያለ እኔ እርዳታ ገመተች።

በቁጥርም ያው ችግር ነበር። እስከ 30 ትቆጥራለች፤ «አራት እንቁላል አምጪ» ስትባል ግን እጇ የቻለውን ይዛ ትመጣለች። ለሱቁ ረዳት አደረግኋት። ክብሪቱን አንድ በአንድ ከዚህ ወደዚያ እያሻገረች እንድትቆጥር፣ የተቆጠረው ካልተቆጠረው እንዳይቀላቀል። ቡና ሲፈላ ሰውን አይታ በሰው ልክ ሲኒ ትደረድራለች። አንድ ሲኒ ሲጎድል እንግዳው ራሱ ይነግራታል፤ የእኔ እርማት አላስፈለገም።

መብራት በጠፋ ማታ እንቆቅልሽ እንጫወታለን። «እንቆቅልሽ» ስላት «ምን አውቅልሽ» ትላለች፤ ካቃታት አገር መስጠት አለባት። ጎንደርን፣ ደሴን፣ ደብረ ማርቆስን ያለ ስስት ትሰጠኛለች። ባሕር ዳርን ግን እምቢ ብላ እንቆቅልሹን እስኪነጋ ስታስብ ማደርን ትመርጣለች። አሁን ራሷም ትጠይቀኛለች፤ የፈጠረቻቸው እንቆቅልሾች መልስ የላቸውም፤ ብዙ አገር አጥቻለሁ።

እርሳሱን ለተወሰኑ ወራት አስቀመጥነው። ባቄላ ትፈለፍላለች፣ ሊጥ ታድቦለቡላለች፣ እሑድ ሐይቁ ዳር ደረቁ አፈር ላይ በእንጨት ትጽፋለች። ውኃው ውስጥ እንድትገባ አልፈቅድም፤ ቢልሃርዝያ አለ። እርሳሱን እንደገና ስታነሣ ጣቶቿ ጠንክረው ነበር፤ ደብተሩንም አልደበቀችውም።

ባለፈው እሑድ በሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቶቹ ጋ ስናልፍ አንዱ ሰሌዳ ላይ ቆመችና «አ–ሳ» ብላ አነበበች። መንገድ ላይ አቅፌ ሳምኳት። ቀጥሎ ያለው ሰሌዳ «ዓሣ» ይላል። «ይሄስ?» አለች። «ይሄም አሳ ነው» አልኳት። ሦስተኛው «ዓሳ» ይላል። «ይሄኛውስ?» «እሱም አሳ ነው።» ሦስቱን ሰሌዳዎች በየተራ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እማዬ፣ ግን አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ?»