የዓሣ ገንዳ ጽዳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሁለት ጎልድፊሽ አሉኝ፤ ገንዳቸው 100 ሊትር ይይዛል። ሰሞኑን ውሃውን ስለካ፣ ዓሣ የሚገድሉት ሁለቱ መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ናቸው። ይህን ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ በጣም ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ የምታሳድጉ ካላችሁ፣ የረዳኝን ነገር ላካፍላችሁ።

ብዙ ቤት የማየው ጽዳት እንዲህ ነው። ዓሣዎቹ ባልዲ ውስጥ ይገባሉ። ጠጠሩ በፈላ ውሃ ይታጠባል። የፊልተሩ ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይታሻል። ውሃው በሙሉ ይደፋና በአዲስ ይተካል። ገንዳው ያብረቀርቃል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ዓሣው ይሞታል። እንዲያ የለፋ ሰው ምን እንዳጠፋ እንኳ አይገባውም። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ቀለም ስለሌለው ኩልል ያለ ውሃ ውስጥ ሆኖም ይገድላል። ከዚህ የሚያድኑን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይሄኛው ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ በደንብ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በፈላ ውሃና ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ያጠብናቸው ቀን ያ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው። ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ግድ የለም፤ ውሃ ካሳለፈ በቂ ነው። ሳሙና ግን ፈጽሞ አይነካውም።

በየሳምንቱ 25 ሊትር ያህል እቀይራለሁ። ቀጭን ጎማ ጠጠሩ ውስጥ ሰካ አድርጌ ቆሻሻውን ከነውሃው እስባለሁ። ሩቡን መቀየር ናይትሬቱን በሩብ ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ 40 ከነበረ 30 ይሆናል። በወር አንዴ ከማድረግ ይልቅ በየሳምንቱ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ምግብ ስቀንስ ደግሞ ናይትሬቱ ራሱ ወረደ። አሁን የምሰጣቸው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ጀሪካን ውስጥ ከድነን ስናስቀምጥ ክሎሪኑ በቀላሉ አይወጣም። አፉ ሰፊ የሆነ ባልዲ ውስጥ፣ ሳይከደን፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። የአየር ፓምፕ ቢገባበት ቶሎ ይወጣል። ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለው ጠብታ ካገኛችሁ ክሎሪኑን ወዲያው ያጠፋል። የሮቶ ውሃም ቢሆን ቆይቷል ብዬ አላምነውም፤ ሳላሳድር አልጨምረውም። ሙቀቱንም ከገንዳው ጋር በቴርሞሜትር አስተያያለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልምጣ፤ እኔ ግን ለእኛ ከተማ ዋናው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ “ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ” የሚለውን እንዳለ መውሰድ አይሆንም። ዓሣ ቀነስ፣ አየር ጨመር ማድረግ ይሻላል። ደግነቱ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የተሻለ ይይዛል። እኔ ቤት ማሞቂያ አላስፈለገም።

መብራት ሲጠፋም ችግሩ ይኸው ኦክስጅን ነው። ባክቴሪያዎቹም ይተነፍሳሉ። መብራቱ ቶሎ ካልመጣ ስፖንጁን ከፊልተሩ አውጥቼ ገንዳው ውስጥ እተወዋለሁ፤ የተዘጋ ፊልተር ውስጥ ይታፈናል። ምግብ አልሰጥም። በየተወሰነ ጊዜ ውሃውን በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም አስመጥቻለሁ፤ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

መስታወቱ ቀላል ነው። አረንጓዴው አልጌ የሚበዛው ብርሃን ሲበዛ ነው፤ ገንዳውን ከመስኮት አርቄ መብራቱን በቀን ለ7 ሰዓት ያህል ብቻ ሳበራ በጣም ቀነሰ። የቀረውን ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ እፍቀዋለሁ። ከውሃው በላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አቼቶ በነካ ጨርቅ አሽቼ፣ ወደ ውስጥ ሳይንጠባጠብ በንጹሕ ውሃ እጠርገዋለሁ።

ቀጥሎ ተክል ላስገባ ነው። ጎልድፊሽ ለስላሳ ቅጠል አይምርም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ጠንካራ የሆነውን አኑቢያስ እንጨት ላይ አስሬ ልሞክር አስቤያለሁ። ሥሩ አጠገብ ያለው ወፍራም ግንዱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ ነው ማሰሩ። ተክሉ ናይትሬት ስለሚመገብ ልዩነቱን እየለካሁ እጽፍላችኋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አኑቢያስ ያሳደገ ካለ፣ የምን ያህል ሰዓት ብርሃን እንደሰጠው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።