የወንድ ብልት ጫፍ ካንሰርን ሳይቆርጡ በሌዘር ማከም፦ ከጎንደር የሥራ ልምድ

ሌዘር ከመነሣቱ በፊት የፓቶሎጂ (ከቁስሉ የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት እጄ መግባት አለበት። ሌዘር የነካውን ሥጋ ስለሚያተንን፣ በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይተርፍም። ናሙናው ከቁስሉ ጠርዝ ብቻ ሳይሆን ከወፈረው ቦታም ይወሰድ። ካንሰሩ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ካልወረደ ወይም ገና ላይ ላዩን ከገባ ሌዘር ይበቃዋል። ወደ ስፖንጅ መሰሉ ሥጋ ከዘለቀ ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

እዚህ ጎንደር አብዛኛው ወንድ በሕፃንነቱ ስለሚገረዝ በሽታውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ግርዛት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ በቅባት ለሳምንታት ያልዳነ ቀይ ቁስል ሁሉ ናሙና ይገባዋል።

በሥራው ቀን በ5 በመቶ አሴቲክ አሲድ የራሰ ጎዝ ለ5 ደቂቃ አስቀምጣለሁ። የታመመው ቆዳ ይነጣል፤ ብግነትም ስለሚነጣ ነጩን ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ ማቃጠል አይገባም። ድንበሩን ጥቂት ሚሊሜትር አስፍቼ አሰምራለሁ፤ ማደንዘዣው አድሬናሊን የሌለው ሊዶካይን ነው፣ በብልቱ ሥር ይወጋል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር (10,600 ናኖሜትር) በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚውጠው ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ሽፋን በሽፋን ነው የሚሠራው። በየዙሩ የጠቆረውን በእርጥብ ጎዝ መጥረግ ግድ ነው፤ ከሰሉ ከቀረ ሙቀቱን ይዞ ጤነኛውን ሥጋ ያቃጥላል። ኤንዲያግ የሚባለው ሌላው ሌዘር (1,064 ናኖሜትር) ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ይዘልቃል፤ ቁስሉ ግን ለመዳን እስከ 3 ወር ይፈጃል። በካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተሠራው በ3 ወይም በ4 ሳምንት ይድናል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚሠራ ክሬም ቀብቶ ከ3 ሰዓት በኋላ በቀይ ብርሃን የሚደረገው ሕክምና ሽፋኑን ላላለፈው ብቻ ነው፤ ያማል።

ጭሱ የኤችፒቪ (ለዚህ ካንሰር አንዱ መንስኤ የሆነ ቫይረስ) ዘረ መል ሊይዝ ስለሚችል ጭስ መምጠጫው ከጨረሩ ሥር አይራቅ፤ ኤን95 ጭንብልና ለሌዘሩ የተሠራ መነጽርም ይደረግ። ቆዳው በአልኮል አይጠረግ፣ ይቀጣጠላል። ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። በሽንት መውጫው ጠርዝ ላይ የበዛ ሙቀት ቀዳዳውን ያጠብባል።

ለእኔ ከባዱ ክትትሉ ነው፦ 2 ዓመት በየ3 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ። ካንሰሩ እዚያው ቢመለስና በጊዜ ቢያዝ እንደገና በሌዘር ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከደምቢያ ወይም ከወገራ ተመላልሶ መምጣት ለማይችል ሰው ሌዘርን አልመርጥም፤ ጠርዙ በፓቶሎጂ የሚረጋገጥ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። የሚመላለሰው ደግሞ ቆዳውንም ብሽሽቱንም በየወሩ ይዳስስ፤ ንፍፊት ካገኘ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ።