«አየር አለ» ያለው ፓምፕ

በሕፃናት ክፍል ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሙሉ ምግብ በደም ሥር በመኖሪያ ቤት ሲሰጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ወቅቱ የፍልሰታ ጾም፣ ታካሚው ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ከውጭ አገር አያቱን ሊጠይቅ የመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ገና በጨቅላነቱ አንጀቱ ተጠማዞ ደም በማጣቱ፣ አብዛኛው ቀጭን አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። የቀረው አጭር አንጀት ለማደግ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከምግብ መምጠጥ ስለማይችል፣ ቀን ቀን ጥቂት ይበላል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ግሉኮስ፣ አሚኖ አሲድ፣ ቅባት፣ ጨውና ቫይታሚን በአንድ ከረጢት ተቀላቅለው ደረቱ ላይ በተተከለ ካቴተር በተባለ ቀጭን ቱቦ በኩል፣ ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ይገቡለታል። እናቱ ሌሊቱን ሁሉ ብቻዋን መጠበቁ ስለከበዳት፣ ጎረቤት የሆንኩት እኔና የቤተሰቡ ዘመድ የሆነ አንድ ወጣት ነርስ ተራ ልንገባላት ተስማማን።

እኛ በሥራ ቦታችን የለመድነው ሌላ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሲመጣ ኤፍ-75 የተባለውን ወተት በአፉ፣ ካልቻለም በአፍንጫው በሚገባ ቱቦ እንሰጠዋለን፤ አንጀት እስከሠራ ድረስ ምግብ የሚገባው በአንጀት ነውና። በደም ሥር መመገብ አንጀቱ ለከዳው ልጅ የቀረ መንገድ ነው። ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቹ በፊላዴልፊያ መጀመሪያ በውሻ ግልገሎች ላይ ሞክረውት፣ ቀጥሎም አንዲት ጨቅላ በዚህ መንገድ ብቻ ተመግባ ማደጓን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። በትልቅ የደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሹ እጅግ የተከማቸ በመሆኑ ነው፤ በእጅ ላይ ባለች ቀጭን ሥር ቢገባ ሥሯን ያቃጥላታል።

አያቲቱ ነጩን ከረጢት መጀመሪያ ባዩ ጊዜ «ልጄ፣ በፍልሰታ ወተት ታስገቡበታላችሁ?» ብለው ደነገጡ። ነጭ ያደረገው የአትክልት ዘይት መሆኑን ነገርኳቸውና እፎይ አሉ። ዘይቱን ከውኃው ጋር የሚያዋህደው ነገር ከእንቁላል አስኳል የተገኘ መሆኑን ግን አልጨመርኩበትም፤ ልጁም ለጾም አልደረሰም።

የከረጢቶቹ ጉዞ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ስላለባቸው በበረዶ ሣጥን ታሽገው፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው የዓባይን በረሃ ተሻግረው ነው የመጡት። ቅባት ያለበት ከረጢት ከረጋ ወይም ከተለያየ ስለሚጣል፣ እናቲቱ በረዶው ከረጢቱን እንዳይነካ በመካከላቸው ፎጣ አኑራ ነበር። መብራት ቢጠፋ ፈሳሹን በተለካ ፍጥነት የሚገፋው ፓምፕ ባትሪ አለው፤ ለፍሪጁም የጎረቤት ጄኔሬተር ተዘጋጅቶለት ነበር። የተጨነቅንበት ሳይሆን ያላሰብነው መጣ።

በወጣቱ ተራ ሌሊት ፓምፑ «በመስመሩ ውስጥ አየር አለ» እያለ ይጮኽ ጀመር። እርሱም ቱቦውን አይቶ ምንም ስላልታየው ድምፁን እያጠፋ መልሶ ያስነሣዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጮኻል። እናቲቱ ደክሟት ከተኛችበት እንዳትነቃ ብሎ እኔን ጠራኝ። ስደርስ «ሲስተር፣ ይሄ ማሽን ይዋሻል። ነቅለን በጠብታ እንስጠው፤ ስንቱን ሕፃን በጠብታ ስንሰጥ አልኖርንም?» አለኝ።

ሐሳቡ ከልምድ የመጣ ስለሆነ አልናቅኩትም፤ ነገር ግን ስሌቱን አብረን ሠራነው። ከረጢቱ 1,000 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ12 ሰዓት ሲሰጥ በአማካይ በሰዓት 83 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ ደግሞ በደቂቃ 28 ጠብታ ያህል ይሆናል። ለተራ ግሉኮስ ይህን በዓይን መቁጠር ይቻላል። ይህ ከረጢት ግን 150 ግራም ግሉኮስ የያዘ፣ ተቀባዩም 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ነው። ልጁ ሲገላበጥ ወይም መቆጣጠሪያው ሲላላ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ስኳሩም ፖታሲየሙም በአንድ ጊዜ ይጎርፍበታል፤ ቢዘጋ ደግሞ ለስኳሩ የተለቀቀው ኢንሱሊን በደሙ ውስጥ እያለ ምንጩ ይቋረጥና ስኳሩ ይወርዳል። ፓምፑ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ፍጥነቱን በደረጃ የሚቀንሰውም ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ አየር ካለ አየሩን የሚያየው የፓምፑ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ነቅለነው ብንሰጥ የምናስወግደው ማንቂያውን እንጂ አየሩን አልነበረም።

ስለዚህ እናቲቱን ቀሰቀስናት። በዚያ ቤት ካቴተሩን የመክፈት ሥልጣን የእርሷ ነበር፤ በሙያ ነርስ ባትሆንም ለዚህ ሥራ የሠለጠነችው እርሷ ናት፣ እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጃችን አልሠለጠነም ማለት ይቻላል። ፓምፑን አቆመች፤ የልጁን ካቴተር በመቆንጠጫው ዘጋች። እጇን ታጥባ ጭምብል አድርጋ፣ መጋጠሚያውን በአልኮል አሽታ እስኪደርቅ ጠብቃ ለየችውና ካቴተሩን በጨው ውኃ አጠበች። መስመሩን በአዲስ ፈሳሽ ሞልታ አየሩን ያስወጣችው ከልጁ ከተለየ በኋላ ነው፤ ከልጁ ጋር እንደተያያዘ አየር ለማስወጣት መሞከር አየሩን ወደ ልቡ መግፋት ነው። እኔ በዚያ መሃል ስኳሩን ለካሁ፤ ደህና ነበር።

አየሩን ያገኘነው ባትሪ አብርተን ቱቦውን ከብርሃኑ ፊት ለፊት ስንይዘው ነው። ከረጢቱና ፓምፑ መካከል ባለው የቱቦ ክፍል ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ አረፋዎች ተለጥፈዋል። በነጭ ፈሳሽ ውስጥ በተራ ዓይን አይለዩም፤ ፓምፑ ግን የሚለያቸው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ቀለም አያታልለውም። አረፋዎቹ ሲሰባሰቡ አንዲት ትልቅ አረፋ ትሆንና ታስጮኸዋለች። ከልጁ በኩል አየር የሚያስወጣ ማጣሪያ ስላለ ወዲያውኑ አደጋ ላይ አልነበረም፤ ማጣሪያ አለ ብሎ መተው ግን አይገባም።

ከየት መጣ? ከረጢቱ ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቅ ከተማ የተቀመመ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ አየር ይወጣል፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላልን፣ ሽምብራም ቆላ ከሚበስለው ዘግይቶ የሚበስልብን በዚሁ የግፊት ማነስ ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲሞቅም እንዲሁ አየር ይለቃል። በውጭ አገር ባለው ቤታቸው ከፍሪጅ ወጥቶ አንድ ሰዓት መቆየቱ ይበቃው የነበረ ከረጢት፣ በነሐሴ ብርድ ግን ገና እንደቀዘቀዘ ተሰቅሎ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሞቃል። ሦስተኛው ምክንያት ያስቀመጥንበት ቦታ ነው። የግድግዳው ሶኬት ከፍ ያለ በመሆኑ ፓምፑ ጠረጴዛ ላይ፣ ከረጢቱ ከነቦርሳው ወለሉ ላይ ነበር፤ ፓምፑ ከታች ወደ ላይ በሳበ ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይባስ ይቀንሳል።

ማስተካከያው ምንም ወጪ አልጠየቀም። ከረጢቱ ከማታው ቀደም ብሎ ከፍሪጅ እየወጣ፣ ብርሃን በማያስገባ ሽፋን ውስጥ ሆኖ በራሱ ጊዜ እንዲሞቅ ተደረገ። አያቲቱ ከእሳቱ ዳር ላስጠጋው ብለው ነበር፤ ሙቀቱ ቫይታሚኑንም ቅባቱንም ያበላሻል ብለን ከለከልናቸው። አባትየው ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ከረጢቱን ከፓምፑ በላይ ሰቀለው። ማንቂያው ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቻ ሲጮኽ፣ የጮኸበትም ምክንያት ሲፈተሽ ይገኝ ነበር። እናቲቱ ይህንኑ ልጁን ለሚከታተሉት ሐኪሞች በስልክ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ እኔን ያሳሰበኝ ትኩሳት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ካቴተር ያለው ልጅ ሙቀቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ደሙ ለምርመራ ተወስዶ አንቲባዮቲክ ወዲያው መጀመር አለበት። ከተረኛ ሐኪም ጋር አስቀድመን ተነጋግረንበት ነበር፤ ደግነቱ አላስፈለገም።

ወጣቱ ባልደረባዬ በጠብታ የመስጠቱን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ ፓምፑ ጨርሶ ቢበላሽ ምን ልናደርግ ነበር ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በልጁ የእንክብካቤ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው፦ ካቴተሩን መዝጋት፣ ወደ ሆስፒታል ወስዶ ተራ ግሉኮስ በተለካ መጠን ማስጀመርና ስኳሩን እየለኩ መጠበቅ።

በክፍላችን ባሉት ጥቂት ፓምፖች ላይ ግን እርሱ ራሱ ያመጣው ሐሳብ ሥራ ላይ ውሏል። አላርም ያጠፋ ሰው የጮኸበትን ምክንያት በነርሶች መዝገብ ላይ ይጽፋል። እስካሁን በብዛት የተጻፈው «ሕፃኑ ክርኑን አጠፈ» የሚለው ስለሆነ፣ አሁን ካኑላ (በደም ሥር የሚገባውን አጭር ቱቦ) ስንተክል ከክርን መታጠፊያው ይልቅ ክንዱን ወይም የእጁን ጀርባ አስቀድመን እንፈልጋለን።